በረዶው ሲሳሳ፦ ከጓደኛ ጋር ከጣቢያ ውጭ የሚደረግ የስኪ ቅዳሜና እሁድ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ለወራት የጠበቃችሁት ቅዳሜና እሁድ ደረሰ። ጓደኛችሁ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፣ ዕቃው ተሸክፏል። በረዶው ግን ወይ የለም፣ ወይ አለ ግን ልብ አይሞላም። ብዙ ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ብቻ ነው የምወጣው፤ ስለዚህ የሚጠይቁኝም አብዛኞቹ ሁለት ሆነው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። መልሶቼም ለእነሱ ናቸው። ክረምት ስል ደግሞ የብርዱን ወቅት ነው።

ከጣቢያ ውጭ ስኪ ማለት ምን ማለት ነው?

ስኪ እግር ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ጣቢያ የምለው ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀውን መዝናኛ ቦታ ነው። ከጣቢያ ውጭ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት የለም። የተደለደለ መንገድ የለም። ጠባቂም የለም። ስኪው ስር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ቆዳ ይለጠፋል፣ ቡቱን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ተረከዙ ላይ ይፈታል፣ ዳገቱ በራስ እግር ይወጣል። ጫፍ ላይ ቆዳው ይላጣል፣ ተረከዝ ይቆለፋል፣ ከዚያ ቁልቁል መንሸራተት ነው። ሦስት ሰዓት ወጥቶ ግማሽ ሰዓት መውረድ የተለመደ ነው። ጣቢያ ውስጥ አደገኛውን ቁልቁለት የሚዘጉላችሁ፣ አንዳንዴም የበረዶ ናዳውን ቀድመው በፈንጂ የሚያወርዱላችሁ ባለሙያዎች አሉ። እዚህ ግን የምትወስኑት እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ።

በረዶው መጥፎ ነው የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

መጥፎነቱ ብዙ ዓይነት ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ባይቀላቀል ጥሩ ነው። ስስ በረዶ አለ፤ ድንጋዩና ጉቶው ገና አልተሸፈነም፣ ወይም ለስሙ ብቻ ተሸፍኗል። ነፋስ የመታው በረዶ አለ፤ አንዱ ቦታ እንደ ጠረጴዛ ደርቆ፣ ሁለት ሜትር አለፍ ብሎ ጉልበት ድረስ ያሰምጣል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የጋገረ ቅርፊት አለ። ከሰዓት በኋላ እንደ ገንፎ የሚረጥብም አለ። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ቅርፊት የሚያስቸግረው እግርን ነው፣ ስስ በረዶ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ወደሱ ልምጣ።

በረዶው ትንሽ ከሆነ የናዳው አደጋም ያንሳል፣ አይደል?

አይደለም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ብጠየቅም ሳልሰለች እመልሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበረዶው ስር ያለው መሬት ክረምቱን ሙሉ ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ የተጠጋ ነው። የበረዶው ገጽ ግን ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ሊደርስ ይችላል። በረዶው 2 ሜትር ጥልቀት ካለው ያ የ15 ዲግሪ ልዩነት በ2 ሜትር ላይ ይከፋፈላል፤ በየ10 ሴንቲሜትሩ 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በረዶው 50 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ግን ያው 15 ዲግሪ በየ10 ሴንቲሜትሩ 3 ዲግሪ ይሆናል። ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትሩ ከ1 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው የውሃ ተን የበረዶውን ቅንጣት ቅርጽ ይለውጠዋል። ተያይዞ የነበረው ይላቀቃል። እንደ ስኳር ይሆናል፤ እፍኝ ስታነሱት በጣታችሁ መሃል ይፈስሳል፣ ኳስ ላድርግህ ቢሉት እሺ አይልም።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት ሳይጥል ቆይቶ መሠረቱ ሁሉ ስኳር ሆነ እንበል። ከዚያ ዓርብ ሌሊት 20 ሴንቲሜትር ይጥላል፣ ነፋሱ ወስዶ አንድ ጥግ ላይ ያከማቸዋል። ጠንካራው ንጣፍ የተቀመጠው በማይይዘው ነገር ላይ ነው። ዓይን የሚያየው ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚጋብዝ ቁልቁለት ነው።

ሌላም አለ። በረዶው 2 ሜትር ከሆነ የእናንተ ክብደት ታች ያለው ደካማ ንጣፍ ላይ ላይደርስ ይችላል። 40 ሴንቲሜትር ከሆነ ይደርሳል። ለዚህ ነው ድንጋይ ብቅ ያለበት አካባቢና የሸንተረሩ ጫፍ፣ ማለትም በረዶው የሚሳሳበት ቦታ፣ ናዳ የሚቀሰቀስበት ቦታ የሚሆነው። ሰው ግን ድንጋይ ሲያይ «እዚህ በረዶ የለም፣ ምንም አይመጣም» ብሎ ይጠጋዋል።

ናዳው ትንሽ ቢሆንስ? ትንሽ ናዳም በድንጋይና በዛፍ መሃል ይጎትታል። በካናዳ በናዳ የሞቱ ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች ከአራቱ አንዱ ገደማ የሞተው ታፍኖ ሳይሆን በግጭት ጉዳት መሆኑን አግኝተዋል። ድንጋዩ ባልተሸፈነበት ክረምት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የናዳ ትንበያው 2 ነው የሚለው። እንሂድ?

ቁጥሩን ብቻ አታንብቡ። የአደጋ መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው፤ የአውሮፓ አገሮች ከ1993 ጀምሮ በአንድ ዓይነት መለኪያ ይጠቀማሉ፣ ሰሜን አሜሪካም ባለ 5 ደረጃ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ሲል አደጋው በእኩል እርምጃ አይደለም የሚጨምረው፣ እየዘለለ ነው። 3 መሃል ላይ ስለሆነ መካከለኛ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው።

ከቁጥሩ በታች ያለው ጽሑፍ ነው ዋናው። «የቆየ ደካማ ንጣፍ» የሚል ካያችሁ፣ 2ም ቢሆን ጥንቃቄያችሁን ወደ 3 ከፍ አድርጉት። ይህ ችግር ከላይ ሆኖ አይታይም። የነፋስ ክምችትን ልምድ ያለው ዓይን ይለየዋል፣ እርጥብ በረዶም እግር ላይ ይታወቃል፤ የተቀበረ ደካማ ንጣፍ ግን አሥር ሰው አሳልፎ አሥራ አንደኛው ላይ ሊናድ ይችላል። የሌላ ሰው ዱካ ማየት ማስረጃ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ በረዶው ራሱ ይናገራል። በአቅራቢያው የወረደ አዲስ ናዳ፣ ከስኪያችሁ ጫፍ ተነስቶ የሚሮጥ ስንጥቅ፣ ወይም ከስራችሁ «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ። ዉምፍ ማለት ደካማው ንጣፍ እዚያው እግራችሁ ስር ተደረመሰ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ስለሆናችሁ ብቻ ነው ያልተናደው። ከዚያ በኋላ ትንበያው ምንም ይበል፣ ገደላማ ቁልቁለት ለዚያ ቀን አበቃ።

ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ መውጣት ልክ ነው?

እኔ እወጣለሁ፣ እወደዋለሁም። ሁለት ሰው ሲሆን ውሳኔ ፈጣን ነው፣ ወሬው ጥሩ ነው፣ ማንም ማንንም ብርድ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ግን ሒሳቡን በግልጽ መሥራት ያስፈልጋል፦ አንዱ ከተቀበረ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ያ አንድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ልንገራችሁ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ይተርፋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የሚተርፈው ከሦስቱ አንዱ ነው። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ብቻውን የቀረው ሰው ናዳው የቆመበትን ማየት፣ ሌላ እንዳይወርድ ዙሪያውን መቃኘት፣ ቢከኑን (ደረት ላይ የሚታሰረውን፣ በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ) ወደ መፈለጊያ ማዞር፣ ምልክቱን መከተል፣ በረዶውን በረጅም ዘንግ እየወጋ የተቀበረበትን ቦታ ማግኘት፣ ከዚያም መቆፈር አለበት። የተናደ በረዶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ አንድ ሜትር ኩብ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። አራት ሰው ተፈራርቆ የሚቆፍረውን አንድ ሰው ብቻውን፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ጓደኛው ከስር ሆኖ ነው የሚቆፍረው።

እርዳታ እስኪመጣ አትጠብቁ። ስልኩ ኔትወርክ ካለው በአጭሩ ደውሉ፣ ቦታውን ተናገሩ፣ ስልኩን አርቁትና ፈልጉ። ስልክ ለቢከኑ ከቀረበ ምልክቱን ይረብሻል፤ ስትፈልጉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ዘንጉ ሰው ሲነካ አትንቀሉት፣ እዚያው ተክላችሁ ተዉት። ከላይ ወደ ታች ጉድጓድ አትቆፍሩ። ከዘንጉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ወረድ በሉ፣ ርቀቱ የተቀበረበትን ጥልቀት አንድ ተኩል ያህል ይሁን፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ቆፍሩ። መጀመሪያ ፊቱንና ደረቱን ነጻ አውጡ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ለሁለት ሰው ዋናው ነገር ማዳን ሳይሆን አለመቀበር ስለሆነ ነው። ሰው በሞተባቸው የናዳ አደጋዎች ከ10 ውስጥ በ9ኙ ገደማ ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። ይህ አሳዛኝ ቢሆንም ተስፋም አለው፤ የሚወስነው ሰው እናንተ ናችሁና።

ጓደኛዬ ከእኔ የበለጠ ልምድ አለው። ዝም ብዬ ብከተለውስ?

አትከተሉ። አብራችሁ ሂዱ።

ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰዎች የአደጋው ምልክት ፊታቸው ላይ ሆኖ እያለ ቀለል ባለ አስተሳሰብ እየተመሩ መግባታቸው ነው። ቦታውን አውቀዋለሁ ማለት። ጀምረነዋልና እንጨርሰው ማለት። እሱ ያውቃል ብሎ አንዱን መከተል። ሌላው ሳይቀድመን ማለት። በረዶ በጠፋበት ክረምት ይህ የመጨረሻው ይብሳል። ሳምንታት የጠበቀ ሰው አንድ ነጭ ሸለቆ ሲያይ ዓይኑ ሌላ ነገር አያይም። ጥሩ በረዶ የቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነፋስ ያከማቸበት፣ ፀሐይ ያልነካው፣ ማለትም አደገኛው ቦታ ላይ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ነበር የመጣው። ለአንድ ወር ያህል አልጣለም፣ ከዚያ ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን ትንሽ ጣለ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወጣን። ከላይኛው ሸለቆ አፍ ስንደርስ ያን ድምፅ ሰማሁት፣ ዉምፍ፣ ከስኪዬ ፊት ስስ ስንጥቅ ሄደ። እሱ ከእኔ አሥር ዓመት ቀድሞ የጀመረ ሰው ነው። ዞሮ አየኝና «ትንሽ ነው፣ በግራ በኩል እንሂድ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ተከተልኩት፤ እነዚያን ሃያ እርምጃዎች እስካሁን አልረሳቸውም፣ ሆዴ እምቢ እያለ እግሬ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቆምኩና «እኔ አልሄድም» አልኩ። ምክንያት አልሰጠሁም፣ ቃላትም አልነበረኝም። ቆመ። ሸለቆውን አየ፣ እኔን አየ። ቆዳውን መላጥ ጀመረ።

ሲወርድ አንድም ቃል አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አለን። ከመውጣታችን በፊት ባለው ማታ፣ ገና ሞቅ ባለ ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ ጮክ ብለን እንባባለዋለን፦ አንዱ «አይሆንም» ካለ አይሆንም። ማብራሪያ አይጠየቅም፣ ማኩረፍም የለም። አንዱ ይሂድ ሌላው ይጠብቅ የሚባል ነገርም የለም። እናንተም ማታውኑ ተባባሉት፤ ተራራው ላይ ሆኖ መጀመር ከባድ ነው።

ታዲያ የት እንሂድ?

ከ30 ዲግሪ በታች ዘንበል ያለ ቦታ። የንጣፍ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ቁልቁለቱን በዓይን አትገምቱ፤ ሁላችንም እንሳሳታለን። የዘንባላ መጠን በቀለም የሚያሳዩ የስልክ ካርታዎች አሉ፣ ትንሽ መለኪያም ኪስ ውስጥ ይገባል። የቆማችሁበት 25 ዲግሪ ሆኖ ከራሳችሁ በላይ 38 ዲግሪ የተንጠለጠለ ካለ ግን ምንም አልጠቀማችሁም፤ ከታች ሆኖም መቀስቀስ ይቻላል።

በስስ በረዶ ጊዜ እኔ የምወደው ሣር የሆነ መሬት ነው። ከስሩ ሣር ካለ 30 ሴንቲሜትር በረዶ እንኳ ያስኬዳል። ከስሩ ቋጥኝ ከሆነ አንድ ሜትርም ላያስተማምን ይችላል። በበጋ የሄዳችሁበት ተራራ ካለ ከስሩ ምን እንዳለ ስለምታውቁ ትልቅ ጥቅም ነው። የጫካ ጥርጊያ መንገድም አይናቅ።

በሰሜኑ የምድር ክፍል ከሆናችሁ ቀዝቃዛ በረዶ የሚቆየው ወደ ሰሜን በሚያየው የተራራው ፊት ነው፤ ያ ስኳር የሆነው ንጣፍም የሚቆየው እዚያው ነው። በደቡብ ፊት ያለው ቶሎ ይቀልጣል፣ ግን ቶሎ ይረጋል። ከምድር ወገብ በታች ተገላቢጦሽ ነው።

የበረዶ ግግር ላይ፣ ስስ በሆነ ክረምት፣ ለሁለት ሰው፦ እኔ አልሄድም። ስንጥቆቹን የሸፈነው የበረዶ ድልድይ ደካማ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሌላውን ከስንጥቅ መጎተት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ስኪዬ በድንጋይ አይበላሽም?

ይበላሻል። አሮጌ ስኪ ካላችሁ እሱን ያዙ።

ከስር ያለው ፕላስቲክ ከተጫረ ቤት ገብቶ በሚቀልጥ የፕላስቲክ ዘንግ ይሞላል፣ ይፋቃል፣ ያልቃል። ጭረቱ ዘልቆ እንጨቱ ከታየ ግን ውሃ እንዳይገባ ቶሎ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ተራራ ላይ ሳላችሁ አድርቃችሁ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ለቀኑ ይበቃል። የብረት ጠርዙ ከተነቀለ ለጥገና ባለሙያ ስጡት።

ከስኪው ይልቅ ግን ለጉልበታችሁ እዘኑ። የተደበቀ ድንጋይ ስኪውን በድንገት ሲያቆመው ሰውነት መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ ፍጥነት ቀንሱ፣ መዝለል ተዉ፣ የራስ ቁር አድርጉ። ነጭ ጉብታ ካያችሁ ዙሩት፣ ብዙውን ጊዜ ከስሩ የሆነ ነገር አለ።

ቅርፊት ላይ እንዴት ነው የሚወረደው?

ቅርፊቱ ሁለት ዓይነት ነው። የሚይዛችሁና የማይይዛችሁ።

የሚይዛችሁ ከሆነ እንደ መስታወት ጠንካራ ነው። ሲወጡ ቆዳው አይቆነጥጥም፣ ስለዚህ ማሰሪያው ስር የሚገቡ የብረት ጥርሶች ያስፈልጋሉ፤ ዳገቱ ሳይብስ በፊት ግጠሟቸው፣ መሃል ላይ ቆሞ መግጠም መከራ ነው። መውደቅም እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም፣ የወደቀ ሰው የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ይንሸራተታል። ከስር ገደል ወይም ቋጥኝ ካለ አትግቡ። ሰማዩ ጠርቶ ካደረና ፀሐይ ካለ ግን መጠበቅ ይክሳል፤ ጠንካራው ቅርፊት ከላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ሲለሰልስ የዓመቱ ምርጥ በረዶ ይሆናል። መጀመሪያ የሚለሰልሰው ፀሐይ የወጣችበት የምሥራቁ ፊት ነው፣ የምዕራቡ መጨረሻ። እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ሲጀምር ግን ሰዓቱ አልፏል፣ ውረዱ።

የማይይዛችሁ ከሆነ፣ እየተሰበረ የሚያሰምጠው ማለቴ ነው፣ እግር የሚሰብር እሱ ነው። ሁለቱን እግር እኩል ጫኑ፣ ስኪዎቹን አቀራርቡ፣ ሰፊ ሰፊ መታጠፊያ አድርጉ። ካልሆነ ተዳፋቱን አግድም ሄዳችሁ ቆሙ፣ ዳገቱ በኩል ዞራችሁ እንደገና አግድም ሂዱ። አያምርም፣ ግን በደህና ያወርዳል። እኔ እንዲህ እያደረግኩ አንድ ሙሉ ተራራ ወርጃለሁ፣ ጓደኛዬም ከኋላዬ እንዲሁ።

ቆዳው ላይ በረዶ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገቡ ነው የሚሆነው። ቆዳው ፀሐይ ላይ ይረጥባል፣ ጥላው ውስጥ ቀዝቃዛ በረዶ ይይዝና ከስራችሁ ብርጭቆ የሚያህል እብጠት ይበቅላል። በስኪው ጠርዝ ፍቁት፣ ሰም ቀቡት። ሙጫው አልይዝ ካለ ደግሞ ሁለቱን ቆዳዎች አጣጥፋችሁ ጃኬታችሁ ውስጥ ጨምሩ፣ የሰውነት ሙቀት ያድናቸዋል። ሁለት ረጅም ቀበቶ መሰል ማሰሪያ ሁሌም ይኑራችሁ፣ ሙጫው ፈጽሞ እምቢ ሲል ቆዳውን ከስኪው ጋር ታስሩበታላችሁ።

ስንት ሰዓት እንነሳ?

ቬርነር ሙንተር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የተራራ መሪ ያስለመደው ቀላል ስሌት አለ። የመንገዱን ኪሎሜትር ውሰዱ፣ ከፍታውን በ100 ሜትር ቆጥራችሁ ደምሩበት፣ ለ4 አካፍሉ። 6 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 800 ሜትር ከወጣችሁ፦ 6 እና 8፣ 14፤ ለ4 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል። በመጥፎ በረዶ ላይ እኔ አንድ ሰዓት እጨምራለሁ። በድንጋይ መሃል ስኪ ተሸክሞ መሄድ አለ፣ ለመውረጃም ከተለመደው እጥፍ ጊዜ መያዝ አለበት።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በብርሃን መጨረስ ሁሌም ይሻላል። የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ብትሆኑ ዙሩ።

ምን ምን እንያዝ?

ቢከን፣ ዘንግ፣ አካፋ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ። አንድ አካፋ ለሁለት ብሎ ነገር የለም፣ አካፋው የተቀበረው ሰው ጀርባ ላይ ሊሆን ይችላልና። የቢከኑ ባትሪ አዲስ ይሁን፣ አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር የሚሞላ ባትሪ አይግባበት። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አንዱ የሌላውን ቢከን ይፈትሽ፣ መላኩንም መቀበሉንም።

ከዚህ ሌላ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ የድንገተኛ ጊዜ ከረጢት፣ የራስ ላይ መብራት፣ ጠንካራ ፕላስተር፣ ሽቦ፣ የማሰሪያ ብሎን መፍቻ። በስስ በረዶ ማሰሪያ ይበላሻል፣ ድንጋይ ይመታዋልና። ኔትወርክ ከሌለ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ለሁለት ሰው የግድ ነው እላለሁ። ኤርባግ (ናዳ ሲይዛችሁ የሚነፋ ከረጢት ያለው የጀርባ ቦርሳ) ጥሩ ነው፣ ናዳው ውስጥ ወደ ላይ እንድትንሳፈፉ ይረዳል፤ ከድንጋይና ከዛፍ ግን አያድንም።

አንዳችን ብንጎዳስ?

በስስ በረዶ ከናዳ ይልቅ የሚያጋጥማችሁ ይህ ነው። የተጠመዘዘ ጉልበት፣ የተሰበረ እጅ። መጀመሪያ ከብርድ አድኑት፤ ከስሩ ቦርሳውንና ቆዳዎቹን አንጥፉ፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት። በረዶ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚታሰበው በላይ ቶሎ ይበርደዋል።

ከዚያ ደውሉ። በአውሮፓ 112 ነው፣ ሌላ ቦታ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ያዙ። ስልክ ካልሠራ ዓለም አቀፉ የተራራ ጭንቀት ምልክት አለ፦ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ማፏጨት ወይም መብራት ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6 ጊዜ። ምላሹ በደቂቃ 3 ነው። ጓደኛን ትቶ እርዳታ ፍለጋ መሄድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የሄዳችሁበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው መናገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ አልሆነም። እሁድን ምን እናድርግበት?

ቢከን ተለማመዱ። አንዱ በቦርሳ ጠቅልሎ ይቅበር፣ ሌላው ሰዓት ተይዞበት ይፈልግ፣ ከዚያ ይቆፍር። ሁሉም ሰው መፈለጉን ይለማመዳል፣ መቆፈሩን ግን አይለማመድም፤ ጊዜውን የሚበላው ደግሞ መቆፈሩ ነው። አንድ ቦርሳ አንድ ሜትር ቅበሩና ብቻችሁን አውጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ሁለት ሰው ያልኩት ሁሉ ይገባችኋል።

ሜዳማ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በረዶውን ጎኑን እዩት። በጣት ንኩት፣ የቱ ላይ እንደሚጠነክር፣ የቱ ላይ እንደሚፈስስ። ያን ስኳር የመሰለ ንጣፍ በእጃችሁ አንዴ ከነካችሁት በኋላ ትንበያው ላይ ቃሉን ስታነቡ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ወይም ዝም ብላችሁ በቆዳ ጫካ ውስጥ ተራመዱ። ከጓደኛዬ ጋር ካወራኋቸው ወሬዎች ምርጦቹ በእንዲህ ያለ እሁድ የተወሩ ናቸው፣ ማንም የሚቸኩልበት ጫፍ አልነበረም።

ተራራው ላይ ደርሰን ብመልሰው ጓደኛዬ ይቀየመኛል?

ለጥቂት ሰዓት ሊከፋው ይችላል። የዚያን ቀን ጓደኛዬ መኪናው ድረስ አላናገረኝም። መኪናው ውስጥ ገብተን፣ ቡታችንን እየፈታን ሳለ፣ «ስንጥቁን እኔም አይቼው ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፣ እኔም አልጨመርኩም። ሐሙስ ማታ ደወለ፤ ቀጣዩ ቅዳሜ መቼ እንደሚመቸኝ ጠየቀኝ።